ጌታዋን ያገኘች፣ ምስጋናን የኖረች፦ ቅድስት ጆሴፊና ባኪታ

እግዚአብሔር ይመስገን የሚለው ቃል ከሕዝባችን አፍ የማይለይ ቃል ነው። ጤናችንን ለሚጠይቀን ሰው የምንመልሰው ይህንኑ ነው፤ ከማዕድ ስንነሣ፣ ከመንገድ በደኅና ስንገባ፣ ሕመምተኛ ሲሻለው የምንናገረውም ይህንኑ ነው። የቅዳሴያችን ዋና ክፍል እንኳ አኰቴተ ቁርባን ይባላል፤ አኰቴት ማለት ምስጋና ነውና። እንግዲህ ክርስቲያን ማለት የሚያመሰግን ሰው ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ነገር ግን በዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ከወላጆቹ ቤት የተነጠቀ፣ የተደበደበና የተሸጠ ሰው ስለ ምን ያመሰግናል? እንዲህ ያለውን ሰው አመስግን ብሎ መምከርስ በቁስሉ ላይ መቀለድ አይሆንምን? ለዚህ ጥያቄ በንግግር ሳይሆን በሕይወትዋ መልስ የሰጠችን ከጎረቤታችን ከሱዳን ምድር የተገኘችው ቅድስት ጆሴፊና ባኪታ ናት። የዚህች ቅድስት ታሪክ ለምእመናንም ሆነ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ብዙ የሚያስተምር ስለ ሆነ እንደሚከተለው አቅርበነዋል። ዘመናቱ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስምዋን ያጣች ሕፃን

ባኪታ በ1869 ገደማ በምዕራብ ሱዳን፣ በዳርፉር ግዛት፣ ኦልጎሳ በምትባል መንደር ተወለደች። አባትዋ የመንደሩ አለቃ ወንድም ነበር። ሦስት ወንድሞችና ሦስት እህቶች ነበሩአት፤ የልጅነት ዘመንዋም በፍቅርና በደስታ የተሞላ እንደ ነበረ ኋላ ተናግራለች። በዚያን ጊዜ ስለ ክርስቶስ የነገራት ሰው አልነበረም። ሆኖም ፀሐይን፣ ጨረቃንና ከዋክብትን ባየች ቁጥር የእነዚህ ያማሩ ነገሮች ጌታ ማን ይሆን እያለች ታስብ ነበር፤ እርሱን የማየት፣ የማወቅና የማክበር ታላቅ ናፍቆትም ያድርባት ነበር። የእግዚአብሔር ጸጋ ስሙ ገና ባልተጠራበት ልብ ውስጥ እንዲህ አድርጎ ቀድሞ ይሠራል።

ይህ ሰላም ግን ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ ታላቅ እህትዋ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀች። ከጥቂት ዓመታት በኋላም፣ በ1877 ገደማ፣ ባኪታ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ከመንደሩ ወጣ ብላ ሳለች ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች መጡ። ጓደኛዋን በዘዴ አርቀው እርስዋን ወደ ጫካው ዕቃ እንድታመጣላቸው ላኩአት፤ ተከትለውም በጩቤ አስፈራርተው ወሰዱአት። ስምዋን ሲጠይቁአት ከድንጋጤ የተነሣ አንደበትዋ ተያዘ። እነርሱም ባኪታ ብለው ጠሩአት፤ በዐረብኛ ዕድለኛ ማለት ነው። ሊሸጡአት የነጠቁአትን ሕፃን ዕድለኛ አሉአት! ወላጆችዋ ያወጡላት ስም ከአእምሮዋ ጠፋ፤ እስከ ዕለተ ሞትዋም አላስታወሰችውም።

ከዚያ በኋላ የደረሰባትን ሁሉ ዘርዝረን አንዘልቀውም። አንድ ወር ያህል በጠባብ ጨለማ ክፍል ተቆለፈባት። ለባሪያ ነጋዴ ከተሸጠች በኋላ ከአንዲት እንደ እርስዋ ካለች ልጅ ጋር አምልጣ፣ አውሬ ፈርታ በዛፍ ላይ አደረች፤ ግን ሌላ ሰው ይዞ እንደ ገና ሸጣት። በኤል ኦቤድ ከተማ በአንድ ባለጸጋ ቤት ስታገለግል የቤቱ ልጅ ዕቃ ሰበርሽ ብሎ ክፉኛ ደበደባት። ቀጥሎም አንድ የቱርክ የጦር ሹም ገዛት። በዚያ ቤት ጅራፍ የየዕለት ነገር ነበረ። አንድ ቀን የሹሙ ሚስት ባሪያዎችዋ የንብረትዋ ምልክት እንዲኖርባቸው ፈልጋ የባኪታን ደረት፣ ሆድና ክንድ በምላጭ አስበጣች። 114 ቁስል ተቈጠረ፤ ቁስሉም እንዳይድን ጨው ተነሰነሰበት። ባኪታ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበረች፤ ጠባሳዎቹን እስከ መቃብር ተሸከመቻቸው።

ጅራፍ የሌለበት ቤት

በ1883 በካርቱም የኢጣሊያ ቆንሲል የነበረው ካሊስቶ ለኛኒ ባኪታን ገዛት። በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ትእዛዝ ያለ ጅራፍ ተሰጣት። ይህ ለእኛ ትንሽ ነገር ሊመስለን ይችላል፤ ለእርስዋ ግን እንደ አዲስ ዓለም ነበር። የመሐዲ ጦር ወደ ካርቱም ሲቃረብ ቆንሲሉ ወደ ሀገሩ ለመመለስ ተነሣ። ባኪታም አብራው ለመሄድ ለምና ተፈቀደላት። በበረሃ አልፈው ወደ ሱዋኪን ወደብ ደረሱ፤ በ1885ም በመርከብ ጄኖቫ ገቡ። በዚያም ቆንሲሉ የመንገድ ጓደኛው ለነበረው ለአውጉስቶ ሚኪየሊ ሚስት ባኪታን ሰጣት። የመጣችው ወደ ነጻ ሀገር ነበር፤ ነገር ግን አሁንም እንደ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች።

በቬኔሲያ አጠገብ ዚያኒጎ በሚባል ስፍራ በሚኪየሊ ቤት ተቀመጠች። ሚሚና የምትባለው የቤቱ ሕፃን ስትወለድ ባኪታ ሞግዚትዋ ሆነች። እጅግም ተዋደዱ። የቤቱን ንብረት የሚያስተዳድር ኢሉሚናቶ ከኪኒ የሚባል ደግ ክርስቲያን ለባኪታ ከብር የተሠራ ትንሽ መስቀል ሰጣት። በመስቀሉ ላይ ያለው ማን እንደ ሆነ በደንብ አልገባትም ነበር። ሆኖም ለራስዋ ልትገልጸው በማትችለው ኃይል ስለ ሳባት ሸሽጋ ታየው ጀመር።

ውለታ ቢስ ተባለች

ሚኪየሊ በሱዋኪን ሆቴል ስለ ነበረው ሚስቱ በ1888 ወደዚያ ስትሄድ ሚሚናንና ባኪታን በቬኔሲያ ለካኖሳ ደናግል በአደራ ሰጠቻቸው። የደናግሉ ቤት ንዑሰ ክርስቲያን የሚማሩበት ቤት ነበር። ባኪታ በልጅነትዋ ከዋክብትን እያየች የጠየቀችውን ጥያቄ መልስ ያገኘችው በዚያ ነው። የፍጥረት ሁሉ ጌታ እንዳለ፣ ይህም ጌታ እርስዋን ከመወለድዋ በፊት እንደሚያውቃትና እንደሚወዳት ተማረች። ከዚህም ይልቅ ልብዋን የነካው ይህ ጌታ ራሱ የተገረፈ፣ በሠላሳ ብር የተሸጠና በመስቀል ላይ የተቸነከረ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ በቋንቋችን ያለ አንድ ቃል እናስተውል። ጌታ ስንል ባሪያ ያለውን ባለቤትም እግዚአብሔርንም ማለታችን ነው። ባኪታ በተናገረችው የቬኔሲያ አነጋገርም እንዲሁ ነበር፤ እግዚአብሔርን ፓሮን ትለው ነበር፤ ጌታዬ እንደ ማለት ነው። ገራፊ ጌቶችን ያገለገለች ይህች ሴት አሁን ስለ እርስዋ የተገረፈ ጌታ እንዳላት አወቀች። ያንን የሚያስፈራ ቃል በፍቅር ልትጠራበት ቻለች። ምስጋናዋም የጀመረው ከዚህ ነው።

በ1889 እመቤትዋ ተመልሳ ባኪታን ወደ ሱዋኪን ልትወስዳት ፈለገች። ባኪታ ግን አልሄድም አለች። ገና ጥምቀት አልተቀበለችም ነበርና እምነትዋን አጣለሁ ብላ ፈራች። እመቤትዋ ተቈጣች፣ ለመነቻት፣ አስፈራራቻት፤ በመጨረሻም ይህን ሁሉ ካደረግሁልሽ በኋላ እንዴት ትክጂኛለሽ በማለት ውለታ ቢስ አደረገቻት። ነገሩ ወደ ቬኔሲያው ፓትርያርክ ወደ ካርዲናል ዶሜኒኮ አጎስቲኒና ወደ ንጉሡ ዐቃቤ ሕግ ደረሰ። ኖቬምበር 29 ቀን 1889 የኢጣሊያ ሕግ ባርነትን ስለማያውቅ ባኪታ ነጻ መሆንዋ ተነገረ። እርስዋም በገዛ ፈቃድዋ በደናግሉ ቤት መቅረትን መረጠች። ከሚሚና ስትለይ ግን አለቀሰች፤ ነጻነትዋ እንኳ ያለ ሐዘን አልመጣም።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ በዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል። ታሪኳን የሚናገሩ ሁሉ የምስጋና ሰው ናት የሚሉአት ባኪታ፣ የመጀመሪያው ነጻ ሥራዋ ለሰው እምቢ ማለት ነበር፤ በዚህም ምክንያት ውለታ ቢስ ተባለች። እመቤትዋ ምግብና ልብስ ሰጥታት ነበር፤ ለዚያ ውለታ ግን የባኪታን ነፍስ ዋጋ አድርጋ ጠየቀች። እግዚአብሔር የሚሰጠው ጸጋ እንዲህ አይደለም። ሰው ውለታውን ቈጥሮ ያስራል፤ እግዚአብሔር በከንቱ ሰጥቶ ይፈታል። ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ምስጋና ባሪያ አያደርግም፤ ይልቁንም ሰው ቀና ብሎ እንዲቆም ያደርገዋል።

የእግዚአብሔር ልጅ

ጃንዋሪ 9 ቀን 1890 ባኪታ ጥምቀትን፣ ሜሮንንና ቅዱስ ቁርባንን ከካርዲናል አጎስቲኒ እጅ ተቀበለች። ጆሴፊና ማርጋሬታ ፎርቱናታ ተባለች። ፎርቱናታ ባኪታ የሚለው ስም ትርጉም ነው። ባሪያ ፈንጋዮች የሰጡአትን ስም ቤተ ክርስቲያን አልጣለችውም፤ በጥምቀት ውኃ አጥባ እውነተኛ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ ባኪታ የተጠመቀችበትን ገንዳ ስትሳለም፣ የእግዚአብሔር ልጅ የሆንሁት በዚህ ነው እያለች ትናገር እንደ ነበረ ይተረካል።

ዲሴምበር 7 ቀን 1893 ተመክሮ ጀመረች፤ ዲሴምበር 8 ቀን 1896 በካኖሳ ደናግል ማኅበር መሐላዋን ፈጸመች። ይህ ማኅበር በ1808 በቅድስት ማግዳሌና ዘካኖሳ በቬሮና የተመሠረተ፣ ድሆችንና ሕፃናትን በማገልገል የሚታወቅ ማኅበር ነው። በ1902 ስኪዮ ወደምትባል ከተማ ተላከች፤ ከጥቂት ዓመታት በቀር ቀሪ ዕድሜዋን ሁሉ በዚያ አሳለፈች።

በወጥ ቤትና በበር ላይ

ምን ታላቅ ሥራ ሠራች ብለን ብንጠይቅ ወጥ ቤት ሠራች፣ ጥልፍ ጠለፈች፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት ጠበቀች፣ በር ከፈተች የሚል ነው መልሱ። ከሃያ ዓመታት ለበለጠ ጊዜ በባርነት ሳለች የሠራቻቸውን ዓይነት ሥራዎች ሠራች ማለት ነው። መጥረግ ያው መጥረግ ነው፤ ማብሰልም ያው ማብሰል ነው። የተለወጠው የምትሠራለት ጌታ ነበር። ቀድሞ በጅራፍ ፍርሃት የሠራችውን አሁን በፍቅር ሠራችው። ምስጋናዋን በልዩ ጊዜ ብቻ የምታቀርበው ሳይሆን በድስቱና በመርፌው፣ በበሩ ቁልፍም የምታቀርበው ሆነ።

በደናግሉ ትምህርት ቤት የሚማሩ ሕፃናት በየዕለቱ በበሩ ሲያልፉ እጅዋን በራሳቸው ላይ እያኖረች በፍቅር ትዳስሳቸው ነበር። የሀገርዋን ዜማ የያዘው ለስላሳ ድምፅዋ ለሕፃናቱ ደስታ፣ በሩን ለሚያንኳኳው ድሃም መጽናኛ ነበር። የከተማው ሰዎች በፍቅር ማድሬ ሞሬታ፣ ማለትም ጥቁርዋ እናት፣ ይሉአት ጀመር። እንዴት ነሽ ብለው ሲጠይቁአት ጌታ እንደ ፈቀደ ነኝ የሚል መልስ መስጠት ልማድዋ ነበር። እኛ ከልማድ የተነሣ እግዚአብሔር ይመስገን የምንለውን እርስዋ ጌታዋ በአጠገብዋ ቆሞ እንደሚሰማ አድርጋ ትናገረው ነበር።

በ1931 የሕይወት ታሪክዋ በመጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ ስምዋ በኢጣሊያ ሁሉ ተሰማ። ስለ አፍሪቃ ሚስዮን እንድትናገር በየከተማው ተወሰደች፤ ብዙ ሕዝብም ሊያያት ተሰበሰበ። እርስዋ ግን በሕዝብ ፊት መቆም ያሳፍራት ነበር፤ በታዛዥነት ጥቂት ቃል ትናገርና ዝም ትላለች። ከ1935 እስከ 1939 ድረስ ደግሞ በሚላኖ አቅራቢያ በቪመርካቴ፣ ለሚስዮን የሚላኩ ደናግል በሚሠለጥኑበት ቤት በረኛ ሆና አገለገለች።

የፈንጋዮቹን እጅ

አንድ ተማሪ የነጠቁሽን ሰዎች ብታገኚያቸው ምን ታደርጊ ነበር ብሎ እንደ ጠየቃት ይነገራል። እርስዋም ተንበርክካ እጃቸውን እንደምትስም መለሰች፤ ያ ባይሆን ኖሮ ዛሬ ክርስቲያንና ድንግል ባልሆነች ነበርና። ይህ መልስ በብዙ ስፍራ ተደጋግሞ ይነገራል፤ በስሕተት የሚረዱት ግን ጥቂቶች አይደሉም። ባኪታ ባርነት መልካም ነው አላለችም። መልካም ቢመስላት ኖሮ በ1889 ወደ እመቤትዋ በተመለሰች ነበር። ገራፊዎችዋ የሠሩት ኃጢአት ኃጢአት ነው። ያመሰገነችው ሰንሰለቱን አልነበረም፤ በሰንሰለቱ ውስጥ ሳለች ያልተዋትን አምላክ ነው። ያን በዛፍ ላይ ያደረችበትን ሌሊት ወደ ኋላ መለስ ብላ ስታስብ፣ ስሙን ያላወቀችው ጌታ በዚያም አብሮአት እንደ ነበረ አየች። የእጃቸውም መሳም ይቅርታ ነው፤ ይቅርታ ደግሞ በደሉን በደል ብሎ ካልጠራ ይቅርታ ሊባል አይችልም።

ቁስልዋ ፈጽሞ እንዳልጠፋ የመጨረሻ ቀኖችዋ ያሳያሉ። በእርጅና ዘመንዋ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀመጠች፤ ብዙ ሕመምም ታገሠች። በጻዕር ላይ ሳለች የባርነት ዘመንዋ በሐሳብዋ ተመልሶ መጣባትና የምታስታምማትን እህት ከባድ የሆነውን ሰንሰለት አላላልኝ እያለች ደጋግማ ለመነቻት። ሰባ ዓመት ያህል ያለፈው ሰንሰለት ገና ይከብዳት ነበር። ስለዚህ ምስጋናዋ ሕመምን የረሳ ሰው ምስጋና አልነበረም፤ ሕመሙን ይዞ ወደ ጌታው የሚቀርብ ሰው ምስጋና ነበር። በመጨረሻም እመቤታችንን እየጠራችና ፈገግ እያለች ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1947 በስኪዮ ዐረፈች። ብዙ ሕዝብ ሊሰናበታት ጎረፈ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ሜይ 17 ቀን 1992 ብፅዕናዋን፣ ኦክቶበር 1 ቀን 2000 ደግሞ ቅድስናዋን ዐወጁ። በ1993 ሱዳንን ሲጎበኙም በካርቱም በሕዝብዋ መካከል ሆነው አስታወሷት። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ ዐሥራ ስድስተኛ በ2007 ስለ ተስፋ በጻፉት መልእክት ሕይወትዋን የክርስቲያን ተስፋ ምሳሌ አድርገው አቀረቡ። ከ2015 ጀምሮም የበዓልዋ ቀን ፌብሩዋሪ 8 በሰው መነገድ እንዲቀር ቤተ ክርስቲያን በዓለም ሁሉ የምትጸልይበት ቀን ሆኖአል።

ለእኛስ?

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን ይዘን እንሄዳለን። አንደኛ፣ ምስጋና የእግዚአብሔርን አብሮነት ከማየት ይጀምራል። ማታ ከመተኛታችን በፊት የዋልንበትን ቀን መለስ ብለን ብናስበው፣ ሳናውቀው አብሮን የዋለውን ጌታ እናገኘዋለን። ባኪታ ያለፈውን ዘመንዋን ያየችው በዚህ ዓይን ነበር። እኛም አንድ ቀን ብቻ እንኳ እንዲህ ለማየት እንልመድ፤ ልጆቻችንንም እናስለምዳቸው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ሕፃናቱን አመስግኑ ከማለታቸው በፊት ጌታ ዛሬ የት አገኛችሁ ብለው ቢጠይቁአቸው ትምህርቱ ሥር ይሰዳል።

ሁለተኛ፣ ምስጋና በእጅ ሥራ ይገለጣል። በቁምስናችን ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠርጉ፣ ለበዓል የሚያበስሉ፣ በር የሚጠብቁ አሉ። ሥራቸው ከቁጥር ያልገባ ይመስላቸው ይሆናል። ሃምሳ ዓመት ያህል በእንዲህ ያለ ሥራ የኖረች ሴት ዛሬ በመሠዊያ ትከበራለችና አይዘኑ።

ሦስተኛው ለሁላችንም ከባድ ነው። በብዙዎቻችን ቤት ከገጠር የመጡ ወጣት ሠራተኞች አሉ። ያበላናቸውን፣ ያለበስናቸውን እየቈጠርን ውለታ ቢስ የምንላቸው፣ ደመወዛቸውን የምናዘገይ፣ የቅዳሴና የትምህርት ጊዜ የምንነፍጋቸው ከሆነ የቆምነው በባኪታ በኩል አይደለም፤ በእመቤትዋ በኩል ነው። ልጆቻችንና እህቶቻችን ደግሞ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገሮች ሄደው ፓስፖርታቸው ተይዞ፣ በር ተዘግቶባቸው የሚሠቃዩ አሉ። በእነርሱ ላይ ሲደርስ የምናለቅስበትን በሌላው ልጅ ላይ ልናደርገው አይገባም። ለተቀበልነው ጸጋ እውነተኛው ምስጋና በእጃችን ሥር ያለውን ሰው ነጻና የተከበረ አድርገን መያዝ ነው።

ባኪታ ወደ ሞት ስትቀርብ ሁለት ሻንጣ ይዛ ወደ ጌታዋ እንደምትሄድ ትናገር እንደ ነበረ ይተረካል፤ በአንደኛው ኃጢአትዋ፣ እጅግ በሚከብደው በሁለተኛው ግን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ አለ። በፊቱ ስትደርስ የራስዋን በእመቤታችን ምልጃ ሸፍና የክርስቶስን ትከፍታለች። ከራስዋ የምታቀርበው ነገር አልነበራትም፤ የተሰጣትን ይዛ ሄደች። የምስጋናም ፍጻሜው ይኸው ነው፤ ከእጁ የተቀበልነውን መልሰን በእጁ ማኖር።

የቅድስት ጆሴፊና ባኪታ ጸሎትና ምልጃ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።